አሮጌው የብረት መዳመጫ ይፍረስ ወይስ ይታደስ?

ጥያቄ፦ «አባታችን በቃሊቲና በገላን መካከል ያቋቋመው የአርማታ ብረት ፋብሪካ አለን። ከውጭ የሚመጣ ቢሌት፣ ማለትም ለመዳመጥ የተዘጋጀ ባለ አራት ማዕዘን የብረት ዘንግ፣ በጥቁር ናፍጣ ምድጃ እናሞቃለን፤ ከዚያም ሠራተኞች በጉጠት እየያዙ በመዳመጫው ውስጥ እያመላለሱ ከባለ 8 እስከ ባለ 14 ሚሊ ሜትር ፌሮ ያወጣሉ። ማሽኑ ከ30 ዓመት በላይ አገልግሏል። ሥራው ደህና በሆነበት ቀን 60 ቶን እናመርታለን። ትርፉ ግን ከዓመት ዓመት እየመነመነ ነው፤ ለቢሌት መግዣ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪም ከብዶናል። አንድ አቅራቢ አሮጌውን ሁሉ ነቅለን፣ ያገለገለ ሙሉ መስመር ከነኤሌክትሪክ ማቅለጫው እንድንገዛ፣ ቁርጥራጭ ብረት እያቀለጥንም ከቢሌት ጣጣ እንድንገላገል ሐሳብ አቅርቦልናል። እህቶቼ እንግዛ ይላሉ። የምርት ኃላፊያችን ግን ማሽኑ ገና ይሠራል ባይ ነው። ምን ይመክሩናል?»

ምላሽ፦ አትግዙ። አሮጌውን ነቅላችሁማ በፍጹም አትግዙ። ምክንያቱን ለማስረዳት በጥያቄዎ ውስጥ እንደ አንድ ነገር የቀረቡትን ሦስት ሥራዎች መነጣጠል አለብኝ፤ ማሞቅ፣ መዳመጥ እና ማቅለጥ። የሚያረጁበት መንገድ፣ ገንዘብ የሚበሉበት መጠን፣ የሚጠይቁት ሙያም ለየቅል ነው። አቅራቢው ሦስቱን ጠቅልሎ አንድ ዋጋ ሰጣችሁ። ከሦስቱ የትኛው እንደሚያከስራችሁ ግን ከጥያቄዎ ማወቅ አይቻልም። ለአንድ ቶን ስንት ሊትር ነዳጅ ታቃጥላላችሁ? ምድጃው ከገባው 100 ቶን ቢሌት ስንት ቶን የሚሸጥ ፌሮ ይወጣል? ባለፈው ወር መዳመጫው በጠቅላላው ስንት ሰዓት ቆመ፣ በምን ምክንያት? እነዚህን ሳይዙ ባንክ መሄድ ሕመሙን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መግዛት ነው።

መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ግምት «ማሽኑ አርጅቷል» የሚለው ነው። የመዳመጫ ስታንድ፣ ማለትም የሚሽከረከሩትን ሮሎች የሚሸከመው አካል፣ ገላው ወፍራም ካስት ብረት ነው። ካልተሰነጠቀና መሠረቱ ካልተናጋ 30 ዓመት ለእሱ ብዙ አይደለም። የሚያልቀው በውስጡ ያለው ነው፦ ሮሎቹ፣ ኩሽኔታዎቹ፣ የጋለውን ብረት በሮሎቹ መካከል ወዳለው ቀዳዳ የሚመሩት ጋይዶች፣ የሞተሩና የስታንዱ መገጣጠሚያዎች። እነዚህ ሁሉ ተለዋጭ ናቸው፤ ብዙዎቹም እዚያው አቃቂና ቃሊቲ ባሉ ትልልቅ ቶርኖ ያላቸው ወርክሾፖች ሊሠሩ ይችላሉ። የምርት ኃላፊያችሁ «ገና ይሠራል» ያሉት ስለ ስታንዱ ከሆነ እውነታቸውን ነው። ስለ ምድጃው ከሆነ ግን አልስማማም።

ከገለጹልኝ ሁኔታ በመነሳት ትርፋችሁ የሚያልቀው ምድጃው ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ቶን ብረት ከቀዝቃዛ ተነስቶ 1,200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እስኪደርስ 800 ሜጋ ጁል ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። አንድ ሊትር ከባድ ጥቁር ናፍጣ ሲቃጠል 39 ሜጋ ጁል ያህል ይሰጣል። ብክነት የሚባል ነገር ባይኖር ለአንድ ቶን 20 ሊትር በበቃ ነበር። በደንብ የተያዘና ከጭሱ ጋር የሚወጣውን ሙቀት መልሶ የሚጠቀም ምድጃ ከ30 እስከ 40 ሊትር ይወስዳል። በሩ የማይገጥም፣ ጡቡ የተሸራረፈ፣ የጭስ ማውጫ መዝጊያው ዝጎ ባለበት የቆመ ምድጃ ግን 60 ሊትርና ከዚያም በላይ ይጠጣል። የእናንተ 60 ከሆነና ወደ 35 ማውረድ ከቻላችሁ በቀን 60 ቶን ለምታሞቁት 1,500 ሊትር ይተርፋችኋል። ይህ ነዳጅ ደግሞ እንደ ቢሌቱ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ ነው።

ሁለተኛው ኪሳራ በዓይን እየታየ የማይቆጠር ነው። ቢሌቱ ከምድጃ ሲወጣ የሚረግፈው ጥቁር ቅርፊት በዶላር ገዝታችሁ ያመጣችሁት ብረት ነው። በሥርዓት በሚነድ ምድጃ ቅርፊቱ 1 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ አየር በዘፈቀደ በሚገባበትና ቢሌቱ ከሚገባው በላይ በሚቆይበት ምድጃ 3 በመቶ ይደርሳል። በ60 ቶን ላይ የ2 በመቶ ልዩነት በየቀኑ 1.2 ቶን ብረት ነው። መዳመጫው ሲበላሽ ምን እንደምታደርጉ አስቡት። ጥገናው ሁለት ሰዓት ይፈጃል ተብሎ እሳቱ እንዳለ ይተዋል፤ ቢሌቱ በሙሉ ሙቀት ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይበላል። ከአጭር ጊዜ በላይ የሚቆይ ብልሽት ሲያጋጥም ምድጃውን ወደ 900 ዲግሪ ገደማ ማውረድ የሚል የጽሑፍ መመሪያ ለእያንዳንዱ ፈረቃ ስጡ። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

አሁን ከውጭ የሚመጡ አቅራቢዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉትን ነገር ላንሳ። የእናንተ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። ለወደብ ከተማ የተሠራ የአየር ማራገቢያ እናንተ ጋ ሲተከል የሚነፍሰው አየር በስፋቱ ያው ቢሆንም በውስጡ ያለው ኦክስጅን ያንሳል፤ ስለዚህ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፣ ጭሱ ይጠቁራል። ሠራተኛውም ሙቀቱ አልበቃ ሲለው ነዳጅ ይጨምራል፤ ጥቁሩ ጭስ ይባስ ይጠቁራል። ተመሳሳይ ሙቀት ለማግኘት ማራገቢያው 30 በመቶ ያህል የበለጠ አየር መንፋት አለበት። የኤሌክትሪክ ሞተሮችም እንዲሁ ናቸው። የተጻፈባቸው ጉልበት በተለመደው የዓለም አቀፍ ደረጃ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው፤ ከዚያ በላይ በሳሳው አየር በደንብ ስለማይቀዘቅዙ ጭነታቸው መቀነስ አለበት። ያገለገለው መስመር ከየት እንደሚመጣ አልነገሩኝም፤ ከወደብ አካባቢ ከሆነ ማራገቢያዎቹና ሞተሮቹ ለእናንተ እንደማይበቁ ከወዲሁ እወቁት።

ምድጃውን ለማስተካከል አፍርሶ መሥራት የግድ አይደለም። ወለሉና ብረቱ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ደህና ከሆነ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ጣሪያውንና በሮቹን ሙቀት በሚይዝ የሴራሚክ ቃጫ መሸፈን፣ ለከፍታው የተሰላ ማራገቢያ፣ ነዳጁን በደቃቁ የሚረጩ በርነሮች፣ ከጭሱ ሙቀት ወስዶ ለበርነሩ የሚገባውን አየር የሚያሞቅ መሣሪያ፣ በጭስ ማውጫው ላይ የሚንቀሳቀስ መዝጊያ። ለበርነሩ የሚገባውን አየር 300 ዲግሪ ማድረስ ብቻውን ከ10 እስከ 15 በመቶ ነዳጅ ሊቆጥብ ይችላል። በእያንዳንዱ ዞን የሙቀት መለኪያ፣ በነዳጅ መስመሩ ላይ ቆጣሪ፣ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚያነብ መሣሪያም ይጨመርበት፤ ንባቡ ከ2 እስከ 3 በመቶ ባለው ውስጥ ቢቆይ መልካም ነው። ከባድ ጥቁር ናፍጣ በርነሩ ጋ ሲደርስ ከ100 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በደንብ አይረጭም። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ምድጃው አልነሳም ብሎ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ በርነሩን ከመውቀስ በፊት የነዳጅ ማሞቂያውን እዩ።

ወደ መዳመጫው ስንመጣ ገንዘብ ከማውጣት በፊት እርሳስና ወረቀት የሚመልሰው ነገር አለ። ባለ 12 ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የ12 ሜትር ቤርጋ 10.66 ኪሎ ማለት ነው። ባለ 100 በ100 ሚሊ ሜትር ቢሌት በሜትር 78.5 ኪሎ ነው። ቢሌቱን በ1.50 ሜትር ቆርጣችሁ ብታስገቡ 117.75 ኪሎ ይሆናል። ከዚያ 1.5 በመቶ ቅርፊት፣ 1.5 ኪሎ ያህል ደግሞ የተበላሸ ጫፍ ሲቀነስ 114.5 ኪሎ ይቀራል። ይህ 10 ሙሉ ቤርጋና ወደ 9 ሜትር የሚጠጋ ቁራጭ ይወጣዋል። ቁራጩ በቅናሽ ይሸጣል፣ ወይም ጥግ ይከመራል። ርዝመቱን 1.54 ሜትር ብታደርጉት ግን በዚያው ሒሳብ 11 ሙሉ ቤርጋ ወጥቶ ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ይተርፋል። አራት ሴንቲ ሜትር ነው ልዩነቱ! የእናንተን ትክክለኛ ቅርፊትና ጫፍ መዝናችሁ ለእያንዳንዱ ውፍረት የራሱን የቢሌት ርዝመት አስሉ።

ሌላው ክብደት ነው። የሮሉ ቀዳዳ ሲበላና ኩሽኔታው ሲላላ ፌሮው ይወፍራል። በሜትር 0.93 ኪሎ የሚመዝን ባለ 12 በቤርጋ ተቆጥሮ ከተሸጠ 5 በመቶ ያህል ብረት በነጻ እየሰጣችሁ ነው። ሮሉን ከመጠን በላይ አጥብቆ ማሳነስ ደግሞ የገዢውን ሕንፃ ማዳከም ነው፤ እዚያ ውስጥ ፈጽሞ አትግቡ። የአርማታ ብረት ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይኤስኦ 6935-2 ለባለ 12 የሚፈቅደው የክብደት ልዩነት ወደ ላይም ወደ ታችም 6 በመቶ ነው። ጥሩ ሮል፣ የድሮውን የፋይበር ኩሽኔታ ተክቶ የሚገባ ባለ ሮለር ኩሽኔታና በትክክል የተገጠመ ጋይድ ካላችሁ ከዚያ በጣም በጠበበ ልዩነት ውስጥ መሥራት ትችላላችሁ። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ሜትር ቆርጦ የሚመዝን ሠራተኛና የሚታመን ሚዛን ይኑራችሁ።

ጉጠት ያዢዎቹ ጉዳይ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ከጋይዱ የሳተ የጋለ ብረት እንደ እባብ እየተጠቀለለ ሲወረወር ለመሸሽ ፋታ አይሰጥም። ገንዘብ ስታወጡ ብረቱን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ቀጣዩ የሚያዞሩ ቦዮች፣ ከፍና ዝቅ የሚል መቀበያ ጠረጴዛና የብረት መከለያ ከመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች መካከል ይሁኑ። ይህ ሰውን ከመታደጉም ሌላ ፍጥነቱን ያስተካክላል። ሰዎቹን ግን አታሰናብቱ። ሮሉ መበላቱን በድምፅ፣ ቢሌቱ መሐሉ አለመሞቁን በቀለም የሚለዩት እነሱ ናቸው፤ አዲሱን መሣሪያ ለማስተካከል ከእነሱ የተሻለ ሰው አታገኙም።

ፍጥነቱ ሲስተካከልና ምድጃው እኩል ሲያሞቅ ብቻ ነው የውኃ ማጠንከሪያ ማሰብ የሚቻለው። ቴምፕኮር የተባለው ይህ ዘዴ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ቤልጂየም ውስጥ የተሠራ ነው። ፌሮው ከመጨረሻው ስታንድ 1,000 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ሲወጣ ግፊት ባለው ውኃ ውስጥ በቅጽበት ያልፋል፤ ላዩ ይጠነክራል፣ መሐሉ ውስጥ የቀረው ሙቀት ደግሞ ወደ ውጭ እየወጣ ያንን ጠንካራ ቆዳ ያለዝበዋል። ውጤቱ ብዙ ካርቦን ሳያስፈልገው ጠንካራ፣ ሳይሰበር የሚለጠጥ፣ ለብየዳም የሚመች ፌሮ ነው። መለጠጡ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሕንፃን የሚያቆመው የሚለጠጥ ፌሮ ነው። ሥራው በትክክል መሠራቱን ለማየት ከፌሮው ቁራጭ ቆርጣችሁ ገጹን አለስልሱና በአልኮል የቀጠነ ናይትሪክ አሲድ ቀቡት። ዙሪያውን እኩል የጠቆረ ቀለበት ካያችሁ ደህና ነው። በአንድ ወገን ወፍሮ በሌላው ከጠፋ የውኃው ቀዳዳ ተደፍኗል፤ ያን ዕለት የወጣው ፌሮ ለብቻው ተቀምጦ ይመርመር። ውኃውም እየተጣራና እየቀዘቀዘ የሚመላለስ እንጂ ቅርፊትና ቅባት ይዞ ወደ አቃቂ ወንዝ የሚፈስ መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ማቅለጫው። «ከቢሌት ጣጣ እንገላገላለን» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ ቢሌት ምን ያህል እንደከበደ ይገባኛል። ነገር ግን ማቅለጫም ከምንዛሪ ነጻ አያወጣም። የምድጃው መደረቢያ፣ የቀለጠውን ብረት ለማስተካከል የሚጨመሩት ፌሮ ሲሊከንና ፌሮ ማንጋኒዝ፣ ቢሌት የሚወርድበት የመዳብ ቅርጽ፣ የኃይል መቀየሪያው መለዋወጫ በየጊዜው ከውጭ መምጣት አለባቸው። አንዱ ባለቀ ቀን ሥራው ይቆማል።

ከዚያ ኤሌክትሪኩ አለ። አንድ ቶን ለማቅለጥ 600 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ብትቆጥሩ 60 ቶን በቀን 36,000 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ 20 ሰዓት ቢሠራ 1.8 ሜጋዋት ሳያቋርጥ ማለት ነው፤ ከፍተኛው ፍላጎት ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ይህን ከአካባቢው ጋር በምትጋሩት ባለ 15 ኪሎቮልት መስመር ላይ መስቀል አይታሰብም። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ማመንጨት የሚችል ሆኖ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የእናንተ ጥያቄ ግን ኃይሉ ከማከፋፈያ ጣቢያ እስከ በራችሁ በምን መስመር ይደርሳል የሚለው ነው። ቀልጦ ያለ ብረት በማቅለጫው ውስጥ እንዳለ መብራት ቢጠፋ ብረቱ ሊረጋ ይችላል፤ ዙሪያውን ያለው የመዳብ ጥቅል የሚቀዘቅዝበት ውኃ ቢቋረጥ ደግሞ ጥቅሉ ተበስቶ ውኃና የቀለጠ ብረት ይገናኛሉ። ይህ ፍንዳታ ነው። በራሱ የሚነሳ ጄኔሬተርና ከላይ የተቀመጠ የውኃ ታንከር የሌለው ማቅለጫ ሥራ መጀመር የለበትም።

የቁርጥራጩ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ከባድ ነው። በኤሌክትሪክ ኢንዳክሽን የሚሠራ ማቅለጫ ያቀልጣል እንጂ አያጠራም። ፎስፈረስ ከገባ ይቀራል፤ ከሞተር ሽቦ የመጣ መዳብም ይቀራል። መዳቡ ሲበዛ ቢሌቱ ሲዳመጥ ላዩ ይሰነጣጠቃል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ ወደ መዳመጫው ይዞራል። ቁራሌው የሚያመጣው ክምር ውስጥ የታሸገ ሲሊንደር፣ ሾክ አብዞርበር፣ አንዳንዴም ከጦር ሜዳ የተለቀመ ያልፈነዳ መሣሪያ ይኖራል። በክረምት ውኃ የቋጠረ ቧንቧ ራሱ የቀለጠ ብረት ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል። ስለዚህ ማቅለጫ ማለት ጣሪያ ያለው ግቢ፣ መራጭ ሠራተኞች፣ በብረቱ ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች የሚለካ ስፔክትሮሜትርና የሚያነበው ኬሚስት፣ ካርቦኑና ማንጋኒዙ የሚስተካከልበት ሁለተኛ ምድጃም ማለት ነው። አቅራቢው ዋጋ ሲነግራችሁ ከእነዚህ ስንቶቹን አስገብቷል?

በመካከል የሚገኝ አማራጭ አለ፤ ብዙ ሰው አያነሳውም። ቢሌቱን ሳያቀልጡ በኤሌክትሪክ ብቻ ማሞቅ ይቻላል። አንድ ቶን ከቀዝቃዛ ተነስቶ ለመዳመጥ እስኪበቃ ከ350 እስከ 400 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ሙቀቱ ፈጣን ስለሆነ ቅርፊቱ ያንሳል፤ ጥቁር ናፍጣውና ጭሱ ይቀራሉ፤ በዙሪያችሁ ለበዛው መኖሪያ ቤትም እፎይታ ነው። የሚሻለው የመስመር ኃይል ሲኖር ብቻ ነው፤ በሰዓት 5 ቶን ለማሞቅ እንኳ 2 ሜጋዋት ገደማ ያስፈልጋልና። በዚህ ምክንያት ዛሬ አልመክረውም፤ ማመልከቻውን ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማስገባት ግን ዛሬ ይጀመር። መስመሩ ከመጣ ከማቅለጫው በፊት ይህን እመርጣለሁ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። ሦስት ወር በየፈረቃው ነዳጅ፣ ቢሌት፣ ጥሩ ምርት፣ ቁራጭና የቆመ ሰዓት በመዝገብ ይያዝ። በዚያው ጊዜ የቢሌት ርዝመት፣ ሚዛኑና የምድጃው ማውረጃ መመሪያ ይስተካከሉ። ከባንክ የምትበደሩት ገንዘብ መጀመሪያ ወደ ምድጃው፣ ቀጥሎ ወደ ኩሽኔታ፣ ጋይድና መከለያ፣ ከዚያ ወደ ውኃ ማጠንከሪያው ይሂድ። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱን ወጪ መመለስ ከጀመረ በኋላ ወደሚቀጥለው እለፉ። ከምድጃ ሠሪው ጋር በምትፈርሙት ውል ውስጥ የቦታው ከፍታ በሜትር ይጻፍ፤ ለአንድ ቶን የሚፈጀው ሊትርና የቅርፊቱ መጠን ዋስትና ይሰጥበት፤ የክፍያው የመጨረሻ ክፍል ደግሞ በእናንተ ነዳጅ፣ በእናንተ ቢሌት፣ በእናንተ ሠራተኞች ተፈትኖ ዋስትናው ከተረጋገጠ በኋላ ይከፈል።

መዝገቡ ነዳጁ ለቶን ከ40 ሊትር በታች፣ ቅርፊቱም ከ1.5 በመቶ በታች ነው ካለ ምክሬ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ የሚፈሰው ሌላ ቦታ ነውና ከመዳመጫው ትጀምራላችሁ። ያገለገለው መስመር ግን በሁለቱም መንገድ አይገዛም።